የሸመገለው ጸሐፊ ስም በመዝገብ ይገኝ ዘንድ

ጽሕፈት የሚያውቅ ሰው የሌላውን ሰው ነገር ሲጽፍ ይኖራል እንጂ የራሱን ነገር ለመጻፍ ጊዜ አያገኝም። በየመሥሪያ ቤቱ ሠላሳና ዐርባ ዓመት ያገለገለ ጸሐፊ የስንቱን ሹመት፣ የስንቱን ዝውውር፣ የስንቱን የደመወዝ ጭማሪ፣ የስንቱንም የይዞታ ክርክር በእጁ ጽፎ አሳልፏል፤ ወጪና ገቢ ደብዳቤ እየቈጠረ፣ በፋይል እያሰረ፣ በመደርደሪያ እያኖረ የመንግሥት ነገር እንዳይጠፋ ጠብቋል። ዕድሜው ስድሳ ሞልቶ የጡረታ አበሉን በሚጠይቅበት ቀን ግን አስቀድሞ የሚሰማው ቃል «የአገልግሎት ማስረጃዎ አልተሟላም» የሚል ከሆነ ነገሩ እጅግ ያሳዝናል። ዛሬ ልንጽፍ የተነሣነው ስለዚህ ነገር ነው።

ባለፈው ኅዳር 26 ቀን የአቡነ ኢየሱስ ሞዓን በዓል ለማክበር ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ሄደን ነበር። ስፍራው ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል፤ ቀድሞ ደሴት የነበረው ዛሬ ከየብስ ጋር ስለ ተያያዘ ሰው በእግሩ ይገባል። ቅዳሴው ካበቃ በኋላ ከቅጽሩ ውጭ በዛፍ ጥላ ሥር አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው አየን፤ በጕልበታቸው ላይ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ይዘዋል። ቀረብ ብለን «ጋሼ፣ ሰው ይጠብቃሉ?» ብለን ጠየቅናቸው። «አዎን ወንድሜ፤ አንድ መነኵሴ እጠብቃለሁ። ከመመንኰሱ በፊት ከእኔ ጋር በአንድ ክፍል ጸሐፊ ነበር፤ ምስክር እንዲሆነኝ ብዬ ነው የመጣሁት» አሉን።

እኒህ ሰው የተሁለደሬ ተወላጅ፣ በሃይማኖታቸውም ሙስሊም ናቸው። በ1978 ዓ.ም. በአንድ የአውራጃ መሥሪያ ቤት በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት ተቀጠሩ፤ ያ መሥሪያ ቤት ሲፈርስ ወደ ሌላ፣ ከሌላውም ወደ ሌላ እየተዛወሩ እስከ 2016 ዓ.ም. ድረስ 38 ዓመት አገለገሉ። ጡረታ ሲወጡ የ32ቱ ዓመት ማስረጃ ተገኘ፤ የመጀመሪያዎቹ 6 ዓመታት ግን የሉም ተባለ። መሥሪያ ቤቱ ከፈረሰ በኋላ ፋይሉ ወዴት እንደ ተወሰደ የሚያውቅ አልተገኘም። ስለዚህ የ32ቱን ዓመት ተቀብለው እንዲፈርሙ፣ ያለዚያም ማስረጃው እስኪገኝ ድረስ እንዲጠብቁ ተነገራቸው። እርሳቸውም «ብፈርም ስድስቱን ዓመት አልሠራሁም ብዬ በገዛ እጄ መመስከሬ ነው» ብለው እንቢ አሉ። ከዚያ ወዲህ በሄዱ ቍጥር በመዝገብ ቤቱ ያሉት ወጣቶች «አብሽሩ፣ ይገኛል» ይሏቸዋል። አብሽር ማለት በወሎ ያዘነ ሰው የሚጽናናበት መልካም ቃል ነው፤ ዳሩ ግን ያው ቃል ከዓመት በላይ ሲደጋገም ለሰሚው ምን ያህል እንደሚከብድ ከፊታቸው ተመለከትን። የሚኖሩት በኮምቦልቻ ያለው ልጃቸው በሚልክላቸው ገንዘብ ነው። «ያስተማርሁት ለራሱ እንዲኖር ነበር፤ አሁን ከልጆቹ ጋር እንጀራ እሻማለሁ» አሉን፤ ይህን ሲናገሩም ፊታቸውን ወደ ሐይቁ መለሱ።

ይህን ነገር የሰማነው በሐይቅ እስጢፋኖስ መሆኑ ብዙ አሳሰበን። ስለ መዝገብ አጠባበቅ ከኢትዮጵያ ስፍራዎች ሁሉ አንዱን ምረጡ ብንባል ከዚህ የተሻለ አናገኝምና። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት ወደዚህ መጥተው ገዳሙን ሲያጸኑ ትምህርት ቤትም አቁመዋል፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም በዚሁ ስፍራ ከእርሳቸው ተምረዋል። ለገዳሙ ያስጻፉት አራቱ ወንጌል በ1273 ዓ.ም. ገደማ የተጻፈ ሲሆን፣ በቅጠሎቹ ላይ ለገዳሙ የተሰጠው ንብረትና የመጻሕፍቱ ቍጥር፣ በኋላም በየዘመኑ የሆነው ነገር ተመዝግቦበታል። የታሪክ ሊቁ ታደሰ ታምራት ከ1248 እስከ 1535 በፈረንጅ ቍጥር ስለ ነበሩት የሐይቅ አበምኔቶች ጥናት ሲያዘጋጁ ከእነዚህ ጽሑፎች ብዙ ማስረጃ አግኝተዋል። አባቶቻችን የንብረቱን ጽሑፍ በወንጌል ላይ ያኖሩት ብራና ጠፍቶባቸው አይደለም። ለብቻው የተቀመጠ ብራና ይጠፋል፣ ይፋቃል፣ ይበላል፤ ወንጌልን ግን ጠላት ሲመጣ እንኳ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሸሽገው ሰው አይታጣም። በ16ኛው መቶ ዓመት በነበረው ጦርነት ከገዳሙ ብዙ ሀብት ሄዷል፤ ያ ወንጌል ግን እስከ ዘመናችን ደርሷል። ጽሑፉ የተጻፈውም ነገሩ በተደረገበት ጊዜ፣ ሰጪውም ተቀባዩም በሕይወት ሳሉ ነው እንጂ ሁሉም ካለፈ በኋላ ምስክር እየተፈለገ አይደለም። ሰባት መቶ ዓመት ያለፈው ስጦታ በመዝገብ ሲገኝ የዛሬ ዐርባ ዓመት የተቀጠረ ሰው ስም አለመገኘቱ የመዝገብ ማነስ ሳይሆን የጥንቃቄ ማነስ ነው።

ጡረታ የተባለው ቃል ጦረ ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ ጦረም ከግእዙ ጾረ ጋር አንድ ዘር ሆኖ ተሸከመ፣ ቻለ ማለት ነው። ልጅ አባቱን ጦረ ሲባል አባት ልጁን በሕፃንነቱ እንደ ተሸከመው ልጁም በተራው ተሸከመው ማለት ነውና፣ በቃሉ ውስጥ የምጽዋት ትርጓሜ የለበትም። በኦሪት ዘኍልቍ ሌዋውያን ከ25 ዓመታቸው ጀምረው እንዲያገለግሉ፣ 50 ዓመት ሲሞላቸውም ከከባዱ ሥራ ወጥተው ወንድሞቻቸውን እየረዱ እንዲቀመጡ ታዝዟል። ሐዋርያው ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ማኅበሩ የሚረዳት መበለት ዕድሜዋ ከስድሳ ያላነሰ ሆኖ በመዝገብ እንድትጻፍ አዝዟል። ስድሳ ዓመት የዛሬው የጡረታ ሕጋችንም ድንበር መሆኑን ልብ ይሏል። ይልቁንም ሐዋርያው መርዳትን ከመጻፍ ጋር ማያያዙን ሊቃውንት አባቶቻችን ከእኛ ይበልጥ ያውቁታል። በመዝገብ ያልተጻፈች መበለት ረዳቷ የዕለቱ ሰው ርኅራኄ ብቻ ነው፤ ርኅራኄም ቀን አለው።

በአገራችን ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ከሾሙ በኋላ የመንግሥት ጸሐፊ የሚባል ወገን እየበዛ ሄደ። በዚያ ዘመን አገልጋይ በደመወዝ ፈንታ ማደሪያ መሬት ይሰጠው ነበር፤ ማደሪያ ግን አገልግሎት እስካለ ድረስ የሚቈይ ስለ ሆነ ጕልበቱ የደከመ ሰው ተስፋው የጌታው ቸርነት ነበረ። ይህ ነገር በሕግ የተወሰነው በ1953 ዓ.ም. በድንጋጌ ቍጥር 46 ነው፤ ድንጋጌውም በ1955 ዓ.ም. አዋጅ ቍጥር 199 ሆኖ ጸና። ከዚያ ወዲህ በ1995 ዓ.ም. አዋጅ ቍጥር 345፣ በ2003 ዓ.ም. አዋጅ ቍጥር 714፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቍጥር 1267 ተከታትለው ወጡ። መንግሥታት ሲለዋወጡ ብዙ ሕግ ፈርሷል፤ የጡረታ ሕግ ግን እየታደሰ እንጂ እየፈረሰ አልመጣም። ይህ የሚያስመሰግን ነው፤ እኛም የምንናገረው ሕጉን ለመንቀፍ ሳይሆን ሕጉ ለባለመብቱ ሳይደርስ በመንገድ እንዳይቀር ነው።

ነገሩ የጥቂት ወረቀት ነገር የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል፤ እስቲ ሒሳቡን እንመልከት። ሲሠራበት የኖረው ስሌት ለ10 ዓመት አገልግሎት የመጨረሻው ሦስት ዓመት አማካይ ደመወዝ 30 ከመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ደግሞ 1.25 ከመቶ እየተጨመረ እስከ 70 ከመቶ የሚደርስ ነው። እንግዲህ 38 ዓመት ያገለገለ ሰው 65 ከመቶ ይደርሰዋል፤ 32 ብቻ ከተቈጠረለት 57.5 ከመቶ ይሆናል። ለምሳሌ ያህል አማካይ ደመወዙ 8,000 ብር ቢሆን በጠፋው ፋይል ምክንያት በየወሩ 600 ብር፣ በዓመት 7,200 ብር ያጣል፤ ይህም እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ ነው። ሚስቱ ከእርሱ በኋላ ብትቀር የባሏን አበል እኩሌታ የምታገኝ ስለ ሆነ ጕድለቱ ለእርስዋም ይተርፋል። የ600 ብር ዋጋ ለአንድ ባለሥልጣን ምን እንደ ሆነ አናውቅም፤ ለአንድ ሽማግሌ ግን የወር መድኃኒቱ ነው።

መዝገቡ ለምን ይጠፋል ቢባል ምክንያቱ ብዙ ነው። የወሎ ክፍለ ሀገር የአምባሰል አውራጃ ይባል የነበረው ግዛት ዛሬ በዞንና በወረዳ ተከፍሎ ይተዳደራል፤ አንዱ መሥሪያ ቤት ለሦስት ሲከፈል ወንበሩና ጠረጴዛው በዝርዝር ተጽፎ ሲካፈል የሠራተኛው ፋይል ግን በጆንያ ተጭኖ የሚሄድበት ጊዜ አለ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ሐይቅ በደረሰ ጊዜም በአካባቢው ብዙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ተዘርፈው ሰነዳቸው ባክኗል። ይህ የማንም ጸሐፊ ጥፋት አይደለም።

ሌላው ምክንያት ለእኛ ለቤተ ክህነት ልጆች የሚያሳፍር ነው። አንዱ ጸሐፊ «ኃይለ ሥላሴ» ብሎ የጻፈውን ሁለተኛው «ሃይለስላሴ» ይለዋል፤ አንዱ «ዐሥራት» ሲል ሌላው «አስራት» ይላል። ቀድሞ አንባቢው ሰው ስለ ነበረ ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ያውቅ ነበር። ዛሬ መዝገቡን የሚመረምረው ኮምፒዩተር ነውና ሐመሩ ሐ እና ብዙኃኑ ኀ ለእርሱ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። የዕድሜም ነገር እንዲሁ ነው፤ በአንዱ ወረቀት የልደቱ ዘመን በኢትዮጵያ ቍጥር፣ በሌላው በፈረንጅ ቍጥር ተጽፎ ምልክት ሳይደረግበት ሲቀር በመካከሉ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ይታያል፤ ሰውየውም ዕድሜውን እንደ ደበቀ ሰው ይጠየቃል። የፊደል ጥንቃቄ የሚገባ መሆኑን የምናምን ነን፤ ነገር ግን ስለ አንድ ሐመሩ ሐ ሰው እንጀራውን ሊያጣ አይገባም።

ሹማምንቱ ምን እንደሚመልሱልን እናውቃለን፤ ምክንያታቸውም ከንቱ አይደለም። የሕዝብ ገንዘብ ያለ ማስረጃ አይከፈልም፤ የሐሰት ደብዳቤና የሐሰት ማኅተም የሚያመጣም አይጠፋም፤ ዛሬ ለአንዱ በርኅራኄ የተከፈተ በር ነገ ለሌባ መግቢያ ይሆናል ይላሉ። እውነት ነው። እኛ የምንጠይቀው ግን ማስረጃው ይቅር ብለን ሳይሆን ማስረጃውን የሚፈልገው ማን ይሁን ብለን ነው። ሠራተኛው ወረቀቱን ወደ ቤቱ እንዳይወስድ ሕግ ይከለክለዋል፤ የሚጠብቀው መሥሪያ ቤቱ ነው። እንግዲህ አደራ ተቀባዩ አደራውን ሲያጠፋ አደራ ሰጪው ሂድና ፈልገህ አምጣ መባሉ በየትኛው ፍርድ ነው? ደግሞም ለጡረታ ከየወር ደመወዙ እየተቈረጠ ሲከፈል ኖሯል፤ በቀድሞው ሕግ 4 ከመቶ፣ በኋለኛው 7 ከመቶ ይከፍላል፤ መንግሥትም በበኩሉ ሲጨምርለት ቈይቷል፤ ዛሬ 11 ከመቶ ነው። የሰው ፋይል ቢጠፋ የተቈረጠበት የደመወዝ ዝርዝር በሒሳብ ክፍል ወይም ገንዘቡ በገባበት ስፍራ ሊገኝ ይችላል። የተቀበለ ሰው ከማን እንደ ተቀበለ መጠየቅ ይገባዋልና፣ ፍለጋው ከዚያ ይጀመር።

ይህ ችግር በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። የእንግሊዝ መንግሥት በ1908 በፈረንጅ ቍጥር ዕድሜያቸው 70 ለሞላ ድኆች የጡረታ ሕግ ባወጣ ጊዜ፣ በዚያን ዘመን በግዛቱ በነበረችው በአየርላንድ የልደት ምዝገባ የተጀመረው በ1864 ስለ ነበረ ሽማግሎቹ ዕድሜያቸውን የሚያስረዱበት ወረቀት አልነበራቸውም። መንግሥቱም ወረቀት የላችሁምና ሂዱ አላላቸውም። በ1841 እና በ1851 የተደረገውን የሕዝብ ቈጠራ መዝገብ በራሱ ጸሐፊዎች እያስፈለገ ስማቸውን ያወጣላቸው ነበር፤ ከዚህም ሌላ በጥር 1839 በዚያ አገር ላይ የተነሣውን ታላቅ ዐውሎ ነፋስ አስታውሳለሁ ብሎ የመሰከረ ሽማግሌ ምስክርነቱ ይሰማለት ነበር። በዚህ ምክንያት ያልደረሱበትን ነፋስ ያስታወሱ ሰዎች ሳይኖሩ አልቀሩም። ቢሆንም ጥቂት አታላዮችን ለመከልከል ሲባል ብዙ እውነተኞች በረኃብ አልተቀጡም።

በእኛ በኩል የሚቀል መንገድ አለ። በየዓመቱ የበጀት ዘመን በሚጀመርበት በሐምሌ ወር እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ለሠራተኛው እስከዚያ ቀን የተቈጠረለትን አገልግሎት፣ ስሙንና የልደት ዘመኑን በአንድ ገጽ ጽፎ ቢሰጠው፣ ሠራተኛውም አይቶ ቢፈርምበት፣ አንዱ በፋይሉ አንዱ በእጁ ቢቀመጥ፣ ስሕተት ቢኖር ምስክሮቹ በሕይወት ሳሉ ይታረማል። ዐምሳ ስምንት ዓመት የሞላውን ሰው ፋይል ደግሞ መዝገብ ቤቱ ራሱ አውጥቶ የጐደለውን በሁለቱ ዓመት ውስጥ ያሟላ፤ የጡረታ ደብተሩም በተሰናበተበት ቀን ይሰጠው። ክርክር ያለበት ዘመን ቢኖር እንኳ ክርክር የሌለበት አበል እየተከፈለ ይቈይ እንጂ፣ የ6 ዓመት ጥርጣሬ የ32 ዓመት እውነት አይያዝበት። ሲቀበልም የቀረውን መብቱን እንደ ተወ የሚያስቈጥር ፊርማ አይጠየቅ። ፋይዳ የተባለው መታወቂያና አዲሱ የኮምፒዩተር መዝገብ ለዚህ ሥራ እንደሚረዱ እናምናለን፤ ነገር ግን መሣሪያው የሚያውቀው ያስገቡለትን ብቻ ስለ ሆነ በወረቀቱ የጐደለው ዓመት በመሣሪያውም እንደ ጐደለ ይወጣል፤ ልዩነቱ ፈጥኖ መውጣቱ ነው።

ስለ ቤተ ክህነት አገልጋዮች በሰፊው መናገር የዛሬው አሳባችን አይደለም። ነገር ግን በ2003 ዓ.ም. ስለ ግል ድርጅት ሠራተኞች በወጣው አዋጅ ቍጥር 715 የሃይማኖት ድርጅት ሠራተኞችም በፈቃዳቸው ሊገቡ እንደሚችሉ መጻፉን ለየአድባራቱ አለቆችና ጸሐፊዎች ማሳሰብ እንወዳለን። ዜማና ቅኔ ሲያስተምሩ አርጅተው በተማሪ ልመና የሚጦሩ የኔታዎች በየደብሩ አሉና።

ወደ ሽማግሌው ነገር እንመለስ። የሚጠብቋቸው መነኵሴ ከተሲዓት በኋላ ወጡ። ሁለቱ ከተለያዩ ሠላሳ ዓመት አልፏቸው ስለ ነበረ አንገት ለአንገት ተቃቅፈው ብዙ ቈዩ፤ ከዚያም መነኵሴው ስለ ሥራው ሲሰሙ ብዕር ለምነው ከድንጋይ ላይ ተቀመጡ። በአንድ ክፍል አብረው የሠሩበትን ዘመን፣ የክፍሉን ሹም ስም፣ የወጪ ደብዳቤው መዝገብ ስንት ጥራዝ እንደ ነበረ፣ በየትኛው ሣጥን ይቀመጥ እንደ ነበረ ሁሉ ጻፉ። ጽሕፈታቸው የተማሩበት ቤት እንዲህ በጥንቃቄ ያስጽፍ እንደ ነበረ የሚያሳይ፣ የሚያምር ጽሕፈት ነው። ሽማግሌው ተቀብለው ሁለት ጊዜ አነበቡና «ማኅተም የለውም ይሉኛል» አሉ። መነኵሴውም «ማኅተሙንማ ያን ጊዜም የምትይዘው አንተ ነበርህ» ብለው ሣቁ። ሽማግሌው ወረቀቱን ከሌሎቹ ጋር በላስቲኩ ጠቅልለው ተነሡ፤ ሰኞ ጧት ይዘውት ወደ ደሴ እንደሚሄዱ ነገሩን።